በቆረቆንዳ የተወተፈ ባሕር

መርዶ በስልክ አይነገርም። በዚህ የማይስማማ ካለ ከአሁኑ ያቁም፤ ከእኔ ጋር አንግባባም። ስልክ ብዙ ነገር ይሸከማል፤ ሰላምታ ይሸከማል፣ ሐሜት ይሸከማል፣ ሽምግልናም ይሸከማል። እዚህ አሜሪካ፣ የኮለምበስ ሰው እንደሆነ የሚበላውም የሚጣላውም መኪና እየነዳ በስልክ ነው፤ "ኮል አድርጊኝ"፣ "ኮል አደርግሻለሁ" ሲባባል ዓመቱ ይነጉዳል። መርዶ ግን እግር ይፈልጋል። ሰው ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ፣ ተከናንቦ፣ ደጃፍ ደርሶ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሲናገር ሌላው ክንድ የሚይዝበት ነገር ነው። ብቻዋን የሰማች ሴት ከየትኛው ግድግዳ ጋር እንደምትላተም ማን ያውቃል? ያዥ ያስፈልጋታል። የጥንቶቹ ሞኞች አልነበሩም። ሞኞቹ እኛ ነን፤ የሟች ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፈን ከሥሩ የማትነድ ሻማ የምናስቀምጥ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ልጅ ታቅፌ። ስለዚህ ጽሑፌ ከተንጋደደባችሁ አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ አንብቡት።

የእኔን መርዶ ላስቀድም። በሽታው የገባ ዓመት ነው፣ ሰው ሰውን እንደ እሳት የሚሸሽበት። የምኖረው ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ፣ ከልጄ ከዳንኤል ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ እሑድ ማለዳ በረንዳ ብወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ሰው ቆሟል፤ እርስ በርሱ ተራርቆ፣ አፉን ሸፍኖ፣ አንጋጦ ወደ እኔ ያያል። ሰልፍ የወጡ መሰለኝ። ኪራይ ተጨምሮ ይሆናል ብዬ፣ "ጠብቁኝ፣ እኔም እወርዳለሁ!" አልኳቸው። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ወርቁ እጁን አንስቶ፣ "አይውረዱ እትዬ፣ ይቀመጡ" አለኝ።

ይቀመጡ!

ሰው ሰብስቦ በማለዳ "ይቀመጡ" የሚል ሽማግሌ ምን ይዞ እንደመጣ ለእናንተ አልነግርም። ወንድሜ መኮንን አሰላ ላይ አርፎ ተቀብሯል። ጋሼ ወርቁ ማስኩ ድምፁን ስላፈነበት ጮሆ ነበር የነገረኝ፤ ከበላያችን የሚኖሩት ሶማሌዎች ሳይቀሩ በመስኮት ብቅ ብለው አለቀሱልኝ። ዳንኤል ለካ ኒው አልባኒ ካለው ዌርሃውስ ኦፍ የወሰደው ለዚህ ነው፤ ከኋላዬ መጥቶ ሁለት ክንዴን ይዞኛል። መርዶዬ ከፎቅና ከፓርኪንግ፣ በማስክና በጩኸት ሆነ እንጂ፣ መርዶ ነበር። እግር ያለው ሰው መጥቷል። ያዥም ነበረኝ።

የእህቴስ?

ዘነበች የእኛ ቤት የመጨረሻ ልጅ ናት። በሱዳን አድርጋ እንግሊዝ ብትገባ መንግሥት ዌልስ የሚባል አገር፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ላይ አስቀመጣትና እዚያው ቀረች። ዌልስ እንግሊዝ ናት ካላችኋቸው ይቆጣሉ፤ እኔ አንዴ ብዬ አይቻለሁ። አዛውንት በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ በከተማው ውስጥ ከእሷ ሌላ አበሻ የሚባል ፍጡር የለ። መኮንን ደግሞ ለእሷ ወንድም ብቻ አልነበረም፤ በጫንቃው ተሸክሞ ያሳደጋት፣ ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ነው። ታዲያ ማን ሄዶ ይንገራት? ማን ይያዛት? ዳንኤል ለዘመድ ሁሉ፣ "ለአክስቴ ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ መንገድ ሲከፈት እማዬ ራሷ ሄዳ ትነግራታለች" ብሎ አወጀ። መንገዱም ቶሎ አልከፈት አለ።

እስኪከፈት ድረስ በስልክ ስናወራ የማናወራው አልነበረም። ዝናቡ፣ ክትባቱ፣ የጎረቤቷ ውሻ። መኮንንን ግን አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፤ ከመዋሸት ዳንኩ። ወር በወር ላይ ሲደረብ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ምን ዓይነት እህት ናት? ጫንቃ ላይ ያደገ ሰው ጫንቃውን "ደህና ነህ ወይ" አይልም? ባሕር ዳር መኖር ልብን ያደርቃል እንዴ? እንዲህ እያልኩ ለማላውቀው ባሕር ቂም ቋጠርኩ።

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተና ሄድኩ። ሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ፣ ከሁሉ በታች አንድ ጥቁር ነጠላ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ያለቀሰችው ልቅሶ ከናፍቆት በለጠብኝ፤ ግን ማን ናፍቆትን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ያውቃል ብዬ አለፍኩት።

ባሕሯን ልንገራችሁ። ከቤቷ ቁልቁል ስትወርዱ በሁለት ኮረብታ መሐል እንደ ማጭድ የጎበጠ አሸዋ አለ፤ ስንዴ የመሰለ፣ እግር የማይጎዳ። ፀጥታው ጆሮ ያማል። ሰው የለም አትሉም፣ አለ፤ ግን ድምፅ የለውም። ውሻ ያስከትላል፣ ውሻው የጣለውን በከረጢት አንስቶ እንደ ስንቅ አንጠልጥሎ ይሄዳል። የቀረው ደግሞ መኪናውን ወደ ባሕሩ አዙሮ ያቆምና ሳይወርድ፣ ሳይናገር፣ ሳንድዊቹን ይዞ በመስታወቱ ውስጥ ያፈጥጣል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል አይለዋወጡም።

"ማን ሰጥሞ ነው?" አልኳት ዘነበችን።

"ማንም አልሰጠመም እትዬ። እየተዝናኑ ነው።"

እየተዝናኑ! እኔ ከሐዘን ቤትም እንዲህ ያለ ዝምታ አላየሁም።

ባሕሩ ራሱ ከእኔ አይሻልም፣ አርፎ አይቀመጥ። ጠዋት እግራችን ሥር የነበረው ከሰዓት ብንመለስ የለም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ እንደ ጠፋ ተከራይ እርጥብ ወለሉን ጥሎልን ሄዷል። ማታ ምንም እንዳላጠፋ ሆኖ ይመለሳል። ዘነበች እየሳቀች፣ "ቅመሽው እስቲ፣ ወንድም ጋሼ..." ብላ ቃሏን ዋጠችና፣ "ቅመሽው" አለችኝ።

አልቀምስም አልኩ። ምክንያት አለኝ።

መኮንን ገና የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ደርሶ የተመለሰ ጊዜ ለእኛ ያመጣው ስጦታ አንዲት የለስላሳ ጠርሙስ ነበረች፤ አፏን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፎ፣ "ባሕር አመጣሁላችሁ" አለ። ዘነበች ያኔ ሕፃን ናት፤ ቀምሳ ምላሷን አውጥታ ጮኸች። እኔም ቀመስኩ። የወሎን ጋራና የአፋርን በረሃ ሁሉ አቋርጦ ባሕር በጠርሙስ ሲመጣ አምናለሁ? "ይኼ ከእኛ ጓዳ ጨው የተበጠበጠበት የወንዝ ውሃ ነው" አልኩት ሰው ፊት። ሰው ሳቀ። መኮንን አልተከራከረም። ቆረቆንዳውን መልሶ ወተፈና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው እሱን በዚያች ጠርሙስ ሳልነካ አልለይም ነበር፤ ዝም ብሎ ይስቃል። ባሕር ጨው እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያቺ ጠርሙስ ግን የጓዳ ናት። እንዲህ ብዬ አርጅቻለሁ፤ አሁን ለአንድ ጉንጭ ውሃ ብዬ ቃሌን አላፈርስም።

እንግዲህ ቀኑ ሄደ። እኔ መናገር አለብኝ፣ መናገር አልችልም። ወንበር ላይ ስቀመጥ እነሳለሁ፣ ስነሳ የምሄድበት የለኝም፤ ታጥቦ ያደረ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ። ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም ብዬ እሷን ማጉረስ ያዝኩ። የገረመኝ እሷም እኔን ታጎርሳለች። ሁለታችን እንደ ፋሲካ በግ ተቀላለብን። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ክንዴን በዚያ በሚነፋ ጨርቅ ጠፍራ ግፊቴን ትለካለች። ከዚያ ለራሷ፣ "ከፍ ብሏል፤ ዛሬ አይሆንም" ትላለች።

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"ምንም እትዬ፣ ዝም ብዬ ነው።"

የሥራ ልማድ ነው፣ ሽማግሌ ስትለካ የኖረች ሴት ናት አልኩ። ብልጥ ነኝ እኮ!

ያዥ መፈለግ ነበረብኝ። በአንድ ግድግዳ የምትጎራበታት ግዌን የምትባል አሮጊት አለች፤ አሮጊት ስል ከእኔ ታንሳለች፣ ግን ታረጅበታለች። ባል አላት፣ ውሻ አላት፣ ቃል የላትም። "ሞርኒንግ" ካለች ለዕለቱ በቃት። ቢሆንም ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ዘነበች ሥራ በሄደችበት ሰዓት ደጇን አንኳኳሁና ስልኬን ደቀንኩባት። ስልኩ ውስጥ ያለችው የዳንኤል ልጅ ሊያ ናት፤ እዚያው ኮለምበስ የተወለደች፣ ኮሌጅ የገባች፣ አማርኛዋ የሚያነክስ።

"ሊያ፣ ንገሪያት። ወንድማችን ሞቷል፤ እህቴ አታውቅም። ስነግራት ክንዷን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ በያት።"

"ግራንድማ፣ ዋት? ክንድ መያዝ? ኢትስ ሶ ዊርድ! እዚያ ሰው እንደዚህ አያደርግም።"

"ዊርድሽን እዚያው ያዢና ተርጉሚ።"

ተረጎመች። ግዌን እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ከእህቴ ጋር የሚያጎራብታትን ግድግዳ አየች፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ለሊያ አንድ ነገር አለቻት።

"ምን አለች?"

"እንደገና ንገሪኝ አለች።"

"ደንቆሮ ናት እንዴ?"

"ግራንድማ! ትሰማሻለች!"

እንደገና ተነገራት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። በመጨረሻ፣ "ቅዳሜ ማለዳ፣ ባሕሩ ዳር" አለች። ለምን ቅዳሜ እንደሆነ ሊያም አላወቀች። ፈረንጅ ያለ ቀጠሮ አያለቅስም ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ዘነበች ከእኔ ቀድማ ተነስታ ጠበቀችኝ። ግፊቴን ለካችና፣ "ዛሬ ደህና ነው" አለች፤ የእሷ ፊት ግን አመድ ነው። "እትዬ፣ ባሕሩ ዳር ወጣ እንበል?"

ራሷ ወደ መርዶዋ ትመራኛለች! ጥቁር ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር ሸጎጥኩ። እሷም በዚያ ብርድ በሌለበት ማለዳ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ቁልቁል ስንወርድ ስለ ደመናው አወራን።

ባሕሩ ርቆ ሄዷል። አሸዋው ላይ የሚታጠፉ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግዌን፣ ባሏ፣ ሁለት ሌሎች አሮጊቶች፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር፣ ፔርሙዝና ብርድ ልብስ ይዘው ቆመዋል። ውሻው ሳይቀር ታስሮ አንገቱን ደፍቷል። ግዌን አበዛችው አልኩ በሆዴ፤ ያዥ አልኳት እንጂ ዕድር አቋቁሚ አላልኳት። ዘነበች ግን አለመደንገጧን ልብ አላልኩም። ወንበር ስቤ፣

"ተቀመጪ" አልኳት።

"አይ እትዬ፣ አንቺ ተቀመጪ።"

"አንቺ ተቀመጪ አልኩሽ!"

"አንቺ ነሽ የምትቀመጪው፣ እባክሽ!"

ወንበሩን ከሁለት በኩል እንደያዝን ተያየን። በማለዳ፣ ሰው ሰብስባ፣ "ተቀመጪ" ብላ የምትለምን ሴት ምን ይዛ እንደመጣች ሁለታችንም የአንድ እናት ልጆች ነን፣ እናውቃለን። የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች። ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ። እኔም ነጠላዬን አወጣሁ።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"የአክስታችን ልጅ፣ ከአሰላ። በዚያው ሳምንት።"

"በስልክ?"

"በስልክ። ለአንቺ ግን እንዳልነግርሽ፣ ግፊት አለባት፣ በአካል ሄደሽ ንገሪያት ብሎ አስማለኝ።"

ለካ የዳንኤል አዋጅ ሳይደርሰው ተናግሮ፣ ሲደርሰው ደግሞ ፈርቶ ደብቆናል። ያንን የአክስቴን ልጅ ካገኘሁት የሚቀጥለው መርዶ የእሱ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። "ማን ያዘሽ?" አልኳት። በአገጯ ወደ ግዌን አሳየችኝ። ያን ቀን ኩሽናው ወለል ላይ ወድቃ ስትጮህ ግዌን በግድግዳው ሰምታ መጣች። መግባት ክልክል ነበር፤ ሕግ ነው፣ በሽታ ነው። አልገባችም። በመስኮቱ በኩል ሁለት መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ዘነበች ከወለሉ ተነስታ ከውስጥ በኩል መዳፏን እስክትገጥምላት ድረስ ቆመች። ከዚያም እስኪመሽ።

እኔ ይህችን ሴት ነው ቃል የላትም ያልኩት። እህቴም ለካ ከእኔ ቀድማ ሄዳ፣ "ቅዳሜ ለእህቴ መርዶ ላረዳ ነው፣ ክንዷን ያዙልኝ፣ ምስጢር ነው" አለቻት። በማግስቱ እኔ ስልክ ደቅኜ ያንኑ ምስጢር አመጣሁላት። ሌላ ሰው ቢሆን ሳቀ፣ ወይ አወራ። እሷ የሁለታችንንም ጠብቃ ሁለታችንንም አንድ ወንበር ላይ ቀጠረችን።

ዘነበች ስታለቅስ እኔ ጀመርኩ፣ እኔ ስጀምር እሷ ባሰባት። አራቱም ተንደረደሩ፤ ግን መሐል ላይ ቆሙ። ግዌን አንድ ነገር ጠየቀች። እህቴ ከለቅሶዋ መሐል ስትተረጉምልኝ ሳቋ አመለጣት፦ "'የትኛችሁን ነው የምንይዘው?' እያለች ነው።"

ሁለታችንንም ያዙን። የግዌን ባል እኔን የያዘኝ እንደ ፖሊስ ነው፤ ክንዴ ለሳምንት ጠቁሯል። መርዶ እንዲህ ነው የሚያዘው።

ለቅሶው ጋብ ሲል የቂሙ ተራ ሆነ። "አንድ ቀን እንኳ እሱን ሳትጠይቂኝ!" አልኳት።

"አንቺስ ጠየቅሽኝ? አሜሪካ ልቧን አደነደነው እያልኩ ስንት ቀን ረገምኩሽ!"

"እኔም ባሕሩን ረግሜዋለሁ።"

አፍንጫችንን ጠራረግን። እነ ግዌን ሻይ ቀዱልን። ባሕሩ እየተመለሰ ነበር፤ መጣ መጣና ጫማዬን ነካ። ዘነበች ታየኛለች። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ዘገንኩና ቀመስኩት።

ጨውነቱን አይደለም የምነግራችሁ። ከጨውነቱ በስተኋላ፣ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ፣ የምትመር ነገር አለችው። የጓዳ ጨው አይመርም። ስንት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ፣ አውቀዋለሁ። ያቺ ጠርሙስ ግን ትመር ነበር፤ ምላሴ ከነምሬቷ አስቀምጧት ኖሯል።

"እንዴት ነው?" አለችኝ እህቴ።

"ከሦስታችን ያልዋሸው መኮንን ብቻ ነው" አልኳት።

ወደ ኮለምበስ ስመለስ ከሻንጣዬ ውስጥ፣ በርበሬው በነበረበት ቦታ፣ በሦስት ፌስታል የተጠቀለለች አንዲት የውሃ ጠርሙስ ነበረች። ዳንኤልን አቀመስኩት፤ አንገቱን ነቀነቀ፣ ለሥራ ሸክፎ ወጣ። ሊያ መጣች። ይህ ባሕር ነው፣ ከዌልስ ነው፣ የወንድሜ የመኮንን ነው ብዬ ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳትና አንድ ጉንጭ ሰጠኋት። ፊቷን አጨማደደች። ጠርሙሷን በብርሃን ላይ አገላብጣ አየች፣ ከዚያ ወደ ኩሽናው ቁም ሳጥን አየች።

"ግራንድማ" አለችኝ፣ "ከዚህ ከኪችን ሶልት ጨምረሽበት ነው፣ ራይት?"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ዝም አልኩ።